ስለ ሕዝብ የሚመክሩት ሊቃውንት ከየትኛው ሙያ መጡ?

ባለፈው የካቲት ወር በትምህርት ቤታችን አዳራሽ በተደረገው የክርክር ጉባኤ የቀረበው ጥያቄ «የአገርን ሕዝብ ብዛት መርምሮ መንግሥትን ማማከር የሚገባው የየትኛው ሙያ ሰው ነው?» የሚል እንደ ነበረ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። አንደኛው ተከራካሪ ሐኪም ነው አለ፤ መውለድና መሞት የሐኪም ጉዳይ ነውና። ሁለተኛው የኢኮኖሚ ሊቅ ነው አለ፤ የሚወለደው ሁሉ እንጀራ ይፈልጋልና። ሦስተኛዋ ግን ነገሩ ቍጥር ስለ ሆነ ለሒሳብ ሊቅ ይተው ብላ ብዙ ጭብጨባ አገኘች፤ ዳኞቹም ለርሷ ፈረዱ። እኔ በዚያ ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አንዲት ቃል ሳልናገር ወጣሁ። ሆኖም ነገሩ ከልቤ አልወጣ ስላለ፥ እነሆ የመጽሔታችን አዘጋጆች በፈቀዱልኝ በዚህ ገጽ ያን ቀን ያልተናገርሁትን እናገራለሁ።

ነገሩ ለእኔ የክርክር ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቴም ሁለት ነው። መጀመሪያ፥ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍልን ስለምጨርስ ለከርሞ የተፈጥሮ ሳይንስን ወይም የማኅበራዊ ሳይንስን መንገድ መምረጥ አለብኝ። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ «ሶሻል የሚገባው ናቹራል ያልሆነለት ነው» ከሚሉት ወላጆችም አንዱ ነው። ይህን ሲያነብ እንዳይቈጣኝ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጣል። በአገራችን የሕዝብና ቤት ቈጠራ የተደረገው ሦስት ጊዜ ብቻ ሲሆን፥ ይኸውም በ1976፥ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ቈጣሪዎቹ በጦርነት ምክንያት ያልደረሱባቸው ቦታዎች ስለ ነበሩ የነዚያ ቍጥር በግምት ተሞላ። በሁለተኛው 53 ሚሊዮን ተኩል ያህል፥ በሦስተኛው 74 ሚሊዮን ያህል ሆነን ተገኘን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቈጠራ በየዐሥር ዓመቱ ይደረግ ይላል። አራተኛው ቈጠራ ግን ቀጠሮው እየተላለፈ፥ በ2011 ዓ.ም. እንደ ገና እንዲዘገይ ተወስኖ፥ ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ አልተካሄደም። እኔ የተወለድሁት ከ1999 በኋላ ነው፤ የክፍል ጓደኞቼም እንዲሁ። እንግዲህ ከኛ ክፍል መጥተን ስለ ሕዝብ ቍጥር ስናጨበጭብ ከነበርነው መካከል ተቈጥሮ የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም ማለት ነው። መምህሮቻችን ግን ተቈጥረዋል፤ በዚህም ይበልጡናል።

ከክርክሩ በኋላ መምህሬን አማክሬ በቤተ መጻሕፍት ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ነበረ፤ ይኸውም፥ ስለ ሕዝብ ብዛት በመመራመርና መንግሥታትን በመምከር ስማቸው የተጠራው ሰዎች ከዚያ በፊት ሥራቸው ምን ነበረ? የሚል ነው። (የውጭ አገሩን ዘመን እንደ አውሮፓ፥ የአገራችንን ግን እንደ አገራችን አቈጣጠር ጽፌዋለሁ።)

ከሁሉ በፊት ያገኘሁት ጆን ግራውንት የሚባለውን የለንደን ሰው ነው። ይህ ሰው ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ አባቱ ጨርቅ ነጋዴ ነበረ፥ እርሱም ክርና ቁልፍ፥ ጥብጣብና የመሳሰለውን መሸጥ ተምሮ በሱቅ ያደገ ነው። በዚያ ዘመን ለንደንን ወረርሽኝ ይመላለስባት ስለ ነበረ፥ በየደብሩ ስንት ሰው እንደ ሞተና ስንት ሕፃን ክርስትና እንደ ተነሣ የሚገልጽ ወረቀት በየሳምንቱ እየታተመ ይሸጥ ነበረ። ባለጸጎች ወረቀቱን የሚገዙት ሞት የበረታ እንደ ሆነ ወደ ገጠር ለመሸሽ ነው። ግራውንት ግን የብዙ ዓመት ወረቀት ሰብስቦ እንደ ሱቅ መዝገብ ደመረው፥ ቀነሰው፥ አካፈለው። በ1662 ባሳተመው መጽሐፍም፥ በለንደን 13 ሴቶች ክርስትና ሲነሡ 14 ወንዶች እንደሚነሡ፥ ከሚወለዱትም ሕፃናት ከመቶ 36 ያህሉ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሳየ። የከተማው ሰው «የለንደን ሕዝብ በሚሊዮን ይቈጠራል» እያለ ሲያወራ፥ እርሱ ቤተ ሰቦችን አስልቶ 384,000 ያህል ነው አለ።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ሌላ ነው። ሰው በሞተ ጊዜ ሬሳውን አይተው በምን በሽታ እንደ ሞተ የሚያስጽፉት በየደብሩ ለዚህ የተሾሙ አሮጊቶች ነበሩ። ግራውንት ቍጥራቸውን ዝም ብሎ አልተቀበለም፤ የሟቹ ዘመዶች ቢራ ሲያጠጧቸውና ጥቂት ገንዘብ ሲያስጨብጧቸው አሳፋሪውን በሽታ በሌላ ስም እንደሚያስጽፉ ጠርጥሮ ይህንኑ ጻፈ። የሒሳብ ሊቅ ቢሆን ኖሮ ይህን መጠርጠሩን እንጃ። ክንዱን አሳጥሮ የሚለካውንና ሚዛኑን የሚጫነውን ሰው ለይቶ ማወቅ የነጋዴ ትምህርት ነው።

ይህን ለአባቴ በነገርሁት ጊዜ ደስ አለው። «ጨርቅ ነጋዴ ነው የምትለኝ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ቀጥሎም «ኋላስ ከበረ?» አለኝ። በንጉሣዊው የሊቃውንት ማኅበር አባል እንደ ሆነ፥ ነገር ግን በ1666 ለንደን በተቃጠለች ጊዜ ንብረቱ እንደ ጠፋና በ1674 በድህነት እንደ ሞተ ነገርሁት። አባቴ ጥቂት ዝም ብሎ «እንግዲያ መድን አልገባም ነበር» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከርሱ በኋላ የመጡትን በአጭሩ ልለፋቸው። በ1693 በብሬስላው ከተማ ሞት ላይ ተመሥርቶ ሰው በየዕድሜው ስንት ዓመት ሊኖር እንደሚችል የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያወጣው ኤድመንድ ሃሌይ የከዋክብት ሊቅ ነው። በ1798 የሕዝብ ብዛት ከምግብ ይልቅ ይፈጥናል ብሎ ዓለምን ያሳሰበው ማልተስ ቄስ ነበረ። በእንግሊዝ አገር የሞትን ምክንያት በመዝገብ ሥርዓት ያስያዘው ዊሊያም ፋር ሐኪም ነው። የወታደሮችን ሞት በሥዕልና በቍጥር አሳይታ ሹማምንቱን ያስደነገጠችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል አስታማሚ ነርስ ነበረች። በ1968 መጽሐፍ ጽፎ፥ በሚቀጥሉት ዐሥር ዓመታት በመቶ ሚሊዮን የሚቈጠር ሰው በረኀብ ያልቃል ያለው ፖል ኧርሊክ ደግሞ የቢራቢሮ ተመራማሪ ነው። ያለው አልደረሰም። እንደኔ አስተያየት የሳተው ከሙያው የተነሣ ነው። መስኩ ሲጠብ ቢራቢሮው እንደሚያልቅ አይቷል፤ ቢራቢሮ ግን ማዳበሪያ አይሠራም፥ የስንዴ ዘር አያሻሽልም፥ ለልጁ ትምህርት ሲል ወሊዱን አያዘገይም።

አሁን ዳኞቻችን ወደ ፈረዱለት አሳብ ልምጣ፤ ነገሩ ቍጥር ነውና ለሒሳብ ሊቅ ይተው ወደሚለው። ይህ አሳብ በእውነት ተሞክሯል። አገሩም ቻይና ነው።

በ1957 የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚደንት የነበሩት ማ ዪንቹ፥ በአሜሪካ ኢኮኖሚክስ የተማሩ ሽማግሌ፥ የሕዝቡ ብዛት ከአገሩ ሀብት ይልቅ እየፈጠነ መሆኑን ገልጸው መንግሥት በትምህርትና በምክር ወሊድን እንዲወስን ሐሳብ አቀረቡ። ያገኙት መልስ ውግዘት ነበረ፤ በ1960ም ከሹመታቸው ወረዱ። ይቅርታ የተጠየቁት በ1979፥ ዕድሜያቸው ዘጠና ሰባት ያህል ከሆነ በኋላ ነው። በነዚያ ዓመታት የሥነ ሕዝብና የማኅበራዊ ኑሮ ጥናት በየዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ሊቃውንቱ ተበትነው ነበር። ስለዚህ መንግሥቱ በ1970ዎቹ መጨረሻ ምክር በፈለገ ጊዜ፥ ሥራቸው ያልተቋረጠባቸውና ኮምፒውተር በእጃቸው የነበረ የጦር መሣሪያ ሊቃውንት ቀደም ብለው ተገኙ።

ከነርሱ አንዱ ሶንግ ጂያን ነው። በሶቪየት ኅብረት የተማረ፥ ሚሳይል ከመንገዱ እንዳይወጣ የሚያሰላ ታላቅ ሊቅ ነበረ። በ1978 ለስብሰባ ወደ ሄልሲንኪ በሄደ ጊዜ የአውሮፓ ሊቃውንት በዚያው ዓይነት ሒሳብ የሕዝብን ብዛት ሲያሰሉ አየ፤ ተመልሶም ከጓደኞቹ ጋራ አሰላ። እያንዳንዲቱ ሴት በአማካይ 3 ልጅ እየወለደች ብትቀጥል በ2080 የቻይና ሕዝብ ከ4 ቢሊዮን ይበልጣል፤ ለአገሩ የሚስማማው ግን 700 ሚሊዮን ያህል ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ባልና ሚስት አንድ ልጅ ይበቃል አለ። የአንድ ልጅ አሳብ በመሪዎቹ ዘንድ ከርሱ በፊትም ነበረ፤ የሳይንስ ማኅተም ያሳረፈበት ግን ይህ ስሌት ነው። በመስከረም 1980 ፓርቲው ለአባላቱ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያም የሆነውን ዓለም ያውቀዋል።

ሶንግ ጂያን ክፉ ሰው ነበረ አልልም፤ መደመሩም አልተሳሳተም። የተሳሳተው ሰውን ያየበት ዓይን ነው። ሚሳይል መንገዱን ሲስት በትእዛዝ ይታረማል። ሚሳይል ግን ወንድ ልጅ አይመኝም፥ ጡረታ እንደ ሌለው ገበሬ «በእርጅናዬ ማን ይጦረኛል?» ብሎ አያስብም፥ እርግዝናውንም ከሹም አይደብቅም። ከዚህም ሌላ፥ የቻይና ሴቶች የሚወልዱት ቍጥር ከግልጽ ደብዳቤው በፊት፥ በ1970 ከ5 በላይ የነበረው፥ በ1979 ከ3 በታች ወርዶ ነበር። ደብዳቤው የደረሰው ወደ ታች በሚሄድ ነገር ላይ ነው። ወላጆች አንድ ብቻ ከተፈቀደልን ወንድ ይሁን ስላሉ፥ በ2010 በተደረገው ቈጠራ ለ100 ሴት ሕፃናት 118 ያህል ወንዶች እንደሚወለዱ ታወቀ። ተፈጥሮ የምትሰጠው 105 ወይም 106 ነው። በወንድና በሴት ልደት መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ብቻ መሆኑን የለንደኑ ቁልፍ ሻጭ 348 ዓመት ቀድሞ በወረቀት ላይ አስቀምጦት ነበር።

በዚያው አገር ሊያንግ ጆንግታንግ የሚባል፥ በሻንሺ ክፍለ አገር በፓርቲው ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር ነበረ። ገበሬ አንድ ልጅ ብቻ ይበቃሃል ቢሉት እንደማይቀበል ያውቅ ስለ ነበረ ደጋግሞ ጻፈ። በ1985 ዪቼንግ በምትባል አንዲት ወረዳ ባልና ሚስት ዘግየት ብለው ከተጋቡና በመካከል ዓመታት ካሳለፉ ሁለት ልጅ እንዲወልዱ ተፈቀደለት። የወረዳዋ ሕዝብ ከሌላው አገር ይልቅ አልበዛም። ይህን የሰማ ግን ጥቂት ነው፤ ሕጉም የቀረው ከ2016 መግቢያ ጀምሮ ነው። ሰላሳ አምስት ዓመት ማለት የእኔ ዕድሜ ሁለት ጊዜ ተቈጥሮ ይተርፋል።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲያነብ «እንግዲያ የሒሳብ ሊቅ አይቅረብ ነው የምትለው?» ይለኝ ይሆናል። አይደለም፤ የምለው ብቻውን አይቀመጥ ነው። ብቻውን የሚቀመጥ ሐኪምም፥ ብቻውን የሚቀመጥ የኢኮኖሚ ሊቅም እንዲሁ ነው። የአገራችንን ነገር ብናይ፥ በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረኀብ ብዙ ሰው የዝናብና የሕዝብ ብዛት ነገር አድርጎ ተመለከተው። የህንዱ የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ግን የደሴን የእህል ገበያ ዋጋ መረመረ፤ ሰው በሚያልቅበት ጊዜ ዋጋው እምብዛም ሳይወደድ አገኘው። ገበሬው እህሉም ከብቱም ስለ ጠፋበት የሚገዛበት አልነበረውም፤ ስለዚህ ገበያው ጩኸቱን አልሰማም ሲል በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ። ይህን ለማየት የገበያ ዓይን ያስፈልግ ነበር። የጂኦግራፊው ሊቅ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ደግሞ የሃያ ዓመቱን የገጠር ረኀብ በየአውራጃው ተከታትለው፥ ረኀብን የሚያመጣው ድርቁ ሳይሆን ገበሬውን መከላከያ ያሳጣው ሥርዓት መሆኑን ጻፉ። ይህም የካርታና የእግር ጉዞ ዓይን ነው።

በ1985 ዓ.ም. የወጣውን የአገራችንን የሕዝብ ፖሊሲ መምህሬ አሳይተውኝ ነበር። አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደውን ከ7.7 ወደ 4 ያህል ማውረድን ግብ አድርጎ ሲነሣ፥ መንገዱ መድኃኒት ብቻ ነው አላለም፤ የሴቶችን ትምህርት፥ የጋብቻን ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ማሳደግን፥ በሴቶች ላይ የተጫኑ ሕጎችን ማንሣትን ጨምሯል። ሲያነቡት የአንድ ሙያ ሰው የጻፈው አይመስልም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ቍጥሩ 4.6 ሆኖ ተገኘ፤ ማንም በግድ አልተከለከለም።

በመጨረሻ ከመጽሐፍ ያላገኘሁትን ልናገር። አክስቴ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ በ1999ኙ ቈጠራ በአንድ የገጠር ቀበሌ ቈጣሪ ሆና ሠርታለች። ስለ ክርክራችን ስነግራት ሳቀችና «ከናንተ ማንኛችሁ ሰው ቤት ገብታችሁ ጠይቃችኋል?» አለችኝ። አንዲት አሮጊት «ዳዊት ሕዝቡን ቢቈጥር መቅሠፍት ወረደበት፤ አንቺ ምን ልታመጪብን ነው?» ብለው ከደጅ መልሰዋት፥ በሦስተኛው ቀን ቡና አፍልተው እንደ ጠበቋት ነገረችኝ።

ለሁሉም ቤት ሳይሆን ለአንዳንዱ ቤት ብቻ የሚደርስ ረጅም ቅጽ ነበረ፤ በርሱ ላይ እናቶች ስለ ልጆቻቸው ይጠየቃሉ። አክስቴ አንዲትን እናት ስንት ልጅ እንደ ወለደች ጠየቀቻት። «ልጅ የእግዜር ነው፥ ይቈጠራል እንዴ?» አለቻት። ጥቂት ቆይታ ግን «አራት» አለች። አክስቴ በተማረችው መሠረት ጥያቄውን ለሦስት ከፈለችው፤ አብረውሽ የሚኖሩት ስንት ናቸው? ወደ ሌላ ቦታ የሄዱትስ? ተወልዶ፥ አልቅሶ፥ ኋላ የሞተስ አለ? ሴትዮዋ እጇን በነጠላዋ ሸፍና ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ሁለት» አለች። «አንዱ ክርስትና ሳይነሣ ነው የሞተው፤ ስም የለውም፤ እርሱም ይጻፋል?» አክስቴ ይጻፋል አለቻት፤ ጻፈችውም።

እኔ ይህን ከሰማሁ በኋላ ዊሊያም ብራስ ስለሚባል ሰው አነበብሁ። ብራስ በኤዲንብራ ሒሳብ የተማረ ስኮትላንዳዊ ሲሆን፥ ከ1948 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በናይሮቢ በምሥራቅ አፍሪካ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ሠራ። የልደትና የሞት መዝገብ በሌለበት አገር የሕፃናትን ሞት እንዴት ማወቅ ይቻላል? እርሱ ያገኘው መልስ እናቶችን በየዕድሜያቸው ስንት ወልደው ስንት እንደ ሞተባቸው መጠየቅ ነው። ለምሳሌ ከ20 እስከ 24 ዓመት ያሉት እናቶች ከወለዷቸው የሞቱት ድርሻ፥ ጥቂት ታርሞ፥ ከልደት እስከ ሁለት ዓመት ያለውን ሞት ያሳያል፤ ከ30 እስከ 34 ያሉት ደግሞ እስከ አምስት ዓመት ያለውን። ዛሬ በአፍሪካ የሕፃናት ሞት ቍጥር የሚታወቀው በብዙ ቦታ ከዚህ ዓይነት ጥያቄ ተነሥቶ ነው። ይህ ሰው የሒሳብ ሊቅ መሆኑን አልክድም፤ ስለዚህ ለሦስተኛዋ ተከራካሪ ግማሽ ነጥብ እሰጣታለሁ። ነገር ግን ሒሳቡ የመጣው መዝገቡ ባዶ በሆነበት አገር ተቀምጦ ስለ ሠራ ነው። አክስቴ በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ብትቸኩል ኖሮ የርሱ ሒሳብ ሁሉ ያ ስም የሌለው ሕፃን እንዳልተወለደ ይቈጥረው ነበር።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ስለ ሕዝብ የሚመክር ጉባኤ ሲሰበሰብ፥ ሐኪሙም፥ ኢኮኖሚስቱም፥ የሒሳብ ሊቁም ይቀመጡ፤ እያንዳንዳቸውም «ከዚህ በፊት ሥራህ ምን ነበረ?» ተብለው ይጠየቁ፤ ይህ ጥያቄ ነውር አይደለም። ከነርሱም ጋራ ደጅ አንኳኩቶ የጠየቀ አንድ ሰው ወንበር ይሰጠው፤ ከጠረጴዛው ጫፍ ሳይሆን ከመካከል። ለትምህርት ቤታችንም አንድ ልመና አለኝ፤ በሚመጣው ዓመት ክርክር በቀበሌያችን የምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በዳኞች ወንበር ላይ ትቀመጥልን።

የምርጫውን ቅጽ የምንመልሰው በሰኔ ወር ነው። በቤታችን ክርክሩ አላለቀም። አባቴ ግን ትናንት ማታ ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ ድንገት «ያ ቁልፍ ሻጭ ሒሳቡን የተማረው የት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ራሱ በመጽሐፉ እንደ ጻፈው ከሱቁ ነው አልሁት።